የበሉበትን ወጭት ስለ መስበር

«የበሉበትን ወጭት ሰባሪ» የሚለው ስድብ በአገራችን ከከባዶቹ ስድቦች አንዱ ነው። ውለታ የዋለለትን የሚያማ፥ እንጀራ የበላበትን ቤት የሚያዋርድ ሰው በዚህ ስም ይጠራል፤ መጠራቱም የተገባ ነው። ነገር ግን ይህ ስም አንዳንድ ጊዜ በማይገባው ሰው ላይ ይወድቃል። በታላቅ ኩባንያ ተቀጥሮ የሠራ ሰው፥ ሥራውን ከተወ በኋላ በዚያ ያየውን የሠራተኛ አኗኗር ቢናገር ወጭት ሰባሪ ነውን? ወይስ እውነተኛ ምስክር? አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና የተጓዘ ሁሉ በሆለታ አካባቢ በላስቲክ የተሸፈኑትን የጽጌረዳ ቤቶች አይቷል። የደጋው አየር ለጽጌረዳ የተስማማ ስለ ሆነ እርሻው በዝቶ፥ አበባው በአውሮፕላን እስከ ሆላንድ ገበያ ይሄዳል። እኔም ስሙን በማልጠራው በአንዱ እርሻ ሦስት ዓመት የሰዓት መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጎውን አስቀድሜ ልናገር፤ ደመወዙ ቀኑን ሳያሳልፍ ይከፈል ነበር፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶችም የራሳቸውን ገንዘብ መጀመሪያ የቈጠሩት በዚያ ነው። ክፉውም ይህ ነው፤ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሽታው ሳይጠፋ ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ ይመለሱ ነበር፤ የተቀደደ ጓንት ሳይለወጥ ይሰነብት ነበር፤ ፈረንጆች በየካቲት መጀመሪያ ለሚያከብሩት የፍቅረኞች ቀን አበባው እንዲደርስ፥ በጥር ወር ሠራተኛው በቀን 10 ሰዓት ሲሠራ በመዝገቡ 8 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ጸሓፊውም እኔ ነበርሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቀን ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓትም አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል አዟል። እንግዲህ ከመዝገቡ የጠፋው ሁለት ሰዓት ከአንዲት እናት መሶብ የጠፋ እንጀራ ነበረ።

ሥራውን ከተውሁ ከዓመት በኋላ በጊንጪ ገበያ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንዲት እናት አገኘሁ። ያየነውን ግፍ ለሰው ሁሉ እንደምናገር በኵራት ብነግራቸው፥ ቀና ብለው አይተውኝ፦ «ልጄ፥ እርሳሱ በእጅህ ሳለ ዝም ብለህ፥ ዛሬ ባዶ እጅህን ትናገራለህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወጭቱን መስበር የሚነቀፈው ምግቡ ስጦታ ስለ ሆነ ነው። ደመወዝ ግን ስጦታ አይደለም፤ የድካም ዋጋ ነው። ኦሪት ዘዳግም የድኻው ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ማዘዙ፥ ዋጋው የሠሪው ገንዘብ እንጂ የባለጠጋው ምጽዋት ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ለጌታው ታማኝነት አለበት፤ ግፍን የመሸሸግ ዕዳ ግን የለበትም።

ዳግመኛ፦ «የወጣ ሰው ቂመኛ ነው፤ ቃሉ አይታመንም» የሚሉ አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በውስጥ ያለው እንጀራውን ስለሚፈራ አይናገርም፤ የወጣው ስለ ወጣ አይታመንም ካልን፥ ማን ሊመሰክር ነው? ይልቅስ ምስክሩን በሚዛን እንመዝነው፤ የሰማውን ትቶ ያየውን ብቻ ይናገር፤ ከክፉው ጋራ በጎውን አይሸሽግ፤ ከሁሉ በላይ የራሱን ድርሻ ይናዘዝ። ራሱን ንጹሕ አድርጎ ሌላውን ብቻ የሚከስ ሰው፥ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ባለጋራ ይሆናል።

ሦስተኛም፦ «ኩባንያው ቢጎዳ ብዙ ቤት ይራባል» ይባላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሕመሙን የሚነግር ሐኪም የበሽተኛውን ሞት አይመኝም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረበት በ1946 ዓ.ም. ሠራተኛ የሚያቆመው የማኅበር ሕግ አልነበረም፤ አዋጅ ቁጥር 210 የወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ የወንጂ ፋብሪካ አልተዘጋም፤ ሠራተኛውም ሆነ ኩባንያው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ነገር ግን የዘገየ እውነት ሁሉን አይመልስም። በሕጉ መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የእኒያ እናት ሁለት ሰዓት ከእንግዲህ ላይመለስ አልፏል፤ ያሳለፈውም የአሠሪው ስስት ብቻ ሳይሆን የእኔ ዝምታ ጭምር ነው። የእኔ ምስክርነት የሚረባው ዛሬ በዚያ መዝገብ ስማቸው ለሚጻፍ ልጆች ነው።

ስለዚህ ከሥራ ወጥቶ የሚናገርን ሰው ወጭት ሰባሪ አንበለው። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ እርሳስ የያዛችሁ ወንድሞች ሆይ፥ እስክትወጡ ድረስ አትቈዩ። ስምንትን ስምንት፥ አሥርን አሥር ብሎ መጻፍ ከብዙ ቀን ንግግር ይበልጣል።