ዝም ያለ ምስክር

አንድ የሆነ ነገር፥ የሚያስታውሰው ሰው ሁሉ ቢያልፍ፥ እንዳልሆነ ይቈጠራልን? ደግሞስ አንደበትና ፈቃድ የሌለው ግዑዝ ነገር ከሰው ይልቅ የታመነ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው የቈየ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዘመን ከባሕር ጥልቅ በሚወጣ ጭቃ ምክንያት እንደ አዲስ ተነሥቶአል።

በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም ሰፈር ይህን ጥያቄ የሚያስታውሱ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንዱ ምስክር እየማለ የሚቆምበት ችሎት ነው፤ ሁለተኛው በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ነው። ምስክሩን ሁሉ ሰው ይሰማዋል፤ ጎርፉ አፈር ተሸክሞ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የልደታ ጎርፍ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዓባይና በተከዜ የሚወርደው አፈር ግን ዕጣው ሌላ ነበረ። ለብዙ ሺህ ዓመታት በረሓውን አቋርጦ፥ ከፊሉ የግብፅን እርሻ ሲያለማ፥ ከፊሉ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ተኝቶአል። ከናይል ደለል ከዘጠኝ አሥረኛ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው።

የዚህ ደጋ ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነውና፥ መግነጢስ የሚስበው ደቃቅ የብረት ማዕድን በውስጡ አለበት። ድንጋዩ ሲፈራርስ ይህ ማዕድን ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። በባሕር ወለል ሲሰፍርም እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞራል፤ ሌላ ጭቃ ሲደረብበት እንደዚያው ይጸናል። በጥልቅ ባሕር ውስጥ በሺህ ዓመት የሚከማቸው ደለል ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳንቲሜትር አያልፍም። እንግዲህ ሊቃውንት ረዥም ቧንቧ ሰድደው ጭቃውን እንደ ዓምድ ያወጣሉ። የምድር መግነጢስ ሰሜንና ደቡቡን ለመጨረሻ ጊዜ የለወጠው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሆነ፥ ያን ምልክት በዓምዱ ላይ ሲያገኙ ዘመኑን ይቈጥሩበታል፤ የመግነጢሱንም ብርታት እየለኩ አፈሩ ምን ያህልና ከወዴት እንደ መጣ ይመረምራሉ።

በዚሁ መንገድ ብሎመንዳልና ዲሜኖካል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዓረብ ባሕርና ከአትላንቲክ የወጣውን ጭቃ ለክተው፥ ከደረቅ ምድር በነፋስ የተነሣው አቧራ የሚበዛበትና የሚያንስበት ሥርዓት ከ2.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተለወጠ እ.ኤ.አ. በ1989 አስታወቁ። በዓባይ ምንጭ በጣናም እንዲሁ ጭቃው ተመርምሮ፥ ያ ሰፊ ሐይቅ ከ16 ሺህ ዓመት ይልቅ በሚርቅ ዘመን ደርቆ እንደ ነበረ ታውቆአል። ይህን ያየ ዓይን፥ የጻፈም እጅ አልነበረም፤ ነገር ግን የሆነው ሆኖአል፥ ምልክቱም አልጠፋም።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው ቸኩሎ፥ «ጭቃ አይዋሽም፤ ስለዚህ ጭቃ ከሰው ይሻላል» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ከ10 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን በኢትዮጵያ ዝናም በዝቶ ዓባይ እጅግ ሞልቶ ነበር። የወንዙ ጣፋጭ ውሃ በሜዲትራኒያን ላይ ተንሳፎ ስለ ከደነው፥ ወለሉ አየር አጥቶ ጥቁር ጭቃ ተከማቸበት፤ በዚያም ጭቃ የመግነጢሱ ማዕድን እየሟሟ ጠፋ። ደግሞ ደጋው በዛፍና በሣር ሲሸፈን አፈሩ ይያዛል፤ ድርቅ ሲያራቁተው ግን ብዙ አፈር ይታጠባል። እንግዲህ የመግነጢሱን ማነስ ብቻ አይቶ «ዝናም አልነበረም» ብሎ የሚፈርድ ሰው፥ የጥጋቡን ዘመን የረኃብ ዘመን ያደርገዋል። እንደ ገናም፥ በገዛ አካላቸው መግነጢስ የሚሠሩ ረቂቃን ነፍሳት መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ታውቆአልና፥ በጭቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ከደጋ የወረደ አይደለም።

ስለዚህ ግዑዙ አለመዋሸቱ ምስጋና አይሆንለትም፥ መዋሸት አይችልምና። ሰው ግን ሊዋሽ ሲችል፥ ጥቅሙም ሲጎትተው፥ እውነቱን ቢናገር ምስክርነቱ ክብር አለው። ጭቃው የማይምል ምስክር ነው፤ ሐሰት የሚገባው በሚሰማው በኩል ነው። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ የሙሴ ሕግ ማዘዙን ሊቃውንቱ በሥራቸው ይፈጽሙታል፤ መግነጢሱን ከቅሪተ ነፍሳቱ ጋር፥ ይህንም ከማዕድኑ ዓይነት ጋር ሳያስተያዩ አይፈርዱም። በሰው ነገር ላይ በአንድ ወሬ የሚፈርድ ሰው ለጭቃ የሚደረገውን ትዕግሥት ለወንድሙ ነፍጎአል።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተፈጸመው የአስዋን ግድብ የናይልን ደለል ከባሕር ከልክሎታል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የዓባይን አፈር ከደጃፉ ይይዛል። የዛፉ መቈረጥ፥ የእርሻው መራቆት፥ የእርከኑም መሠራት በየግድቡ ሥር በየክረምቱ ይደረባል። ያን ደለል አንድ ቀን የሚያወጣው ሰው የዚህን ዘመን ሰዎች ስም አያገኝም፤ ሥራቸውን ግን ያገኛል። የተራቆተ ተራራ ያወረደውም አፈር፥ እርከን የያዘውም አፈር፥ ሁለቱም በዚያ ይመሰክራሉ።