«ተመስገን» ካልን በኋላ

አንድ ነገር ሊደርስ ሲል ለጥቂት ሲያልፍ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ቃል «ተመስገን» ነው። ጥሩ ቃል ነው። ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን የምንዘጋውም በእሱ ነው፤ «ተመስገን፣ አለፈ በቃ፣ ተወው» እንላለን። እኔን የሚያሳስበኝ «ተወው» የምትለዋ ናት። ያልደረሰ አደጋ ዕዳ አለው ወይስ የለውም?

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ሁለት ሂደቶች በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ሲደርሱ የሚፈጠረውን ብልሽት ሳሳድድ ነው የምውለው። ትናንሽ አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ለጥቂት ስለሚተላለፉበት ሁኔታ ማንበብ የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

«ቁጥጥር ያለበት የአየር ክልል» ሲባል ማማው ላይ ያለው ሰው ሁሉንም አራርቆ የሚያበር ይመስለናል። በአሜሪካ ትናንሽ ኤርፖርቶች ዙሪያ ግን እንደዛ አይደለም። ተቆጣጣሪው ማረፊያው ላይ ተራ ያስይዛል፣ አንዱ ስለሌላው እንዲያውቅ ይናገራል። ሰማዩ ጠርቶ በዓይናቸው እያዩ የሚበሩት ግን እርስ በርስ የመራራቁ ኃላፊነት የራሳቸው ነው። ዓይን ደግሞ ቶሎ የሚይዘው የሚንቀሳቀስ ነገርን ነው። ሊጋጭህ የሚመጣው አውሮፕላን መስታወትህ ላይ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ቦታ እንደ ነጥብ ቆሞ ቀስ እያለ ይተልቃል። ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ከበላዩ ያለውን ይጋርደዋል፣ ክንፉ ከታች የሆነው ከሥሩ ያለውን። እንዲህ ያሉ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ሆነው ለማረፍ ሲወርዱ ሁለቱም የሚያዩት ባዶ ሰማይ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2021 ዴንቨር አጠገብ ባለው ሴንቴኒያል ኤርፖርት ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ወዳሉ ሁለት ማረፊያዎች እየወረዱ ነበር። የሚያነጋግሯቸው ተቆጣጣሪዎች የተለያዩ ነበሩ፣ የሬዲዮ መስመራቸውም እንዲሁ። ትንሿ ሲረስ መታጠፊያዋን አልፋ ሄደችና ሜትሮላይነር የሚባለውን የጭነት አውሮፕላን ገሸለጠችው። ሲረሷ በራሷ ፓራሹት መሬት ደረሰች። የሜትሮላይነሩ አብራሪ ሞተር የጠፋበት መስሎት አሳረፈው፤ የአውሮፕላኑ ጀርባ ግን ተከፍቶ ነበር። ከሦስቱ ሰዎች አንድም የተጎዳ የለም።

እዚህ ላይ ማንም ስላልሞተ ጥፋቱ ያንሳል? እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ፈላስፎች ይህን የመሰለ ጥያቄ «የሞራል ዕድል» በሚል ስም አንስተውት ነበር። ሁለት ሹፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስመረምሩ ወጡ እንበል። አንዱ ፊት ልጅ ዘሎ ገባ፣ ሌላው ፊት ማንም አልገባም። ቸልተኝነታቸው እኩል ነው፤ አንዱን ግን ነፍሰ ገዳይ እንለዋለን፣ ሌላውን ምንም አንለውም።

በዚያው ዓመት ናሳ አብራሪዎች ለጥቂት የተረፉበትን የሚናገሩበት አንድ ሥርዓት ጀመረ። መነሻው ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት ይወርድ የነበረ የቲደብሊውኤ አውሮፕላን ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ መታ፤ 92 ሰዎች አለቁ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አብራሪዎች በዚያው ስህተት ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውት ነበር። ድርጅቱ የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ወሬው ግን ለቲደብሊውኤ አብራሪዎች አልደረሰም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ያ ተራራ ላይ ግን ነቅዟል።

የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ሁለት አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ «ለጥቂት ተሳሳቱ» የሚለው ከ500 ጫማ ማለትም ከ150 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ሲተላለፉ፣ ወይም አንድ አብራሪ «ልንጋጭ ነበር» ብሎ ሲያመለክት ነው። ሁለተኛዋን ልብ በሉልኝ። አደጋ ሲደርስ ስብርባሪ አለ፣ መርማሪ ይመጣል። ለጥቂት ያለፈው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ ውጭ ምስክር የለውም።

ስለዚህ ስምምነት ተደረገ። አብራሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተናገረ፣ ጥፋቱ ሆን ተብሎ ያልተደረገ፣ ወንጀልም አደጋም ያልሆነ ከሆነ፣ ስሙ ከሪፖርቱ ይወጣል፤ ባለፉት 5 ዓመታት ሌላ ጥፋት ካልተገኘበት ቅጣቱም ይቀርለታል።

ይሄ ፍትሕ ነው? እውነቱን ለመናገር ይከብደኛል። በቸልተኝነት ልጆቼን ሊገድል የነበረ ሰው ስሙ ተደብቆ ነገ ተመልሶ ይብረር ቢሉኝ ደሜ ይፈላል። ንዴቴም ልክ ነው። ግን ንዴቴ የሚያየው ወደ ትናንት ነው። ቅጣት ካለ ያ ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ነገ በዚያው መታጠፊያ የሚበር፣ ስሙን የማላውቀው ሌላ ሰው አለ። ምሕረቱ ጥፋቱ ትንሽ ስለሆነ የተሰጠ አይመስለኝም። አብራሪው የያዘው ወሬ የሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ግማሹ የዚያ የማያውቀው ሰው ንብረት ነው። ስሙን ቢደብቅ ግድ የለኝም። ወሬውን መደበቅ ግን የሰው ነገር ይዞ መሄድ ነው።

ተመስገን ማለቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሰው ተርፎ እንዴት አያመሰግንም? ከዚያ በኋላ ግን «ተወው» ከማለታችን በፊት በዚህ መንገድ ከእኔ ቀጥሎ የሚያልፈው ማነው፣ ሰምቷል ወይ ብሎ መጠየቅ አለ። መንገዱ የታክሲ ይሁን፣ የፋብሪካ ይሁን፣ የሆስፒታል ኮሪደር ይሁን ለውጥ የለውም።