ርኃብ ያቀላው ቅጠል



ከኢትዮጵያ መንገድ ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው የማኅበራችን ክፍል ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን የድንጋይ አጥር ተከትሎ በፀሐይ ሲመጣ የቆየ እንግዳ፣ ወደ ክፍላችን እንደ ገባ ዓይኑ የሚያርፈው በዚህ ገንዳ ላይ ነው። እንግዳውን የሚያስቆሙት ግን ዓሦቹ አይደሉም፤ በአረንጓዴው መካከል የቆሙት ቀያይ ተክሎች ናቸው። ገንዳውን የሚንከባከቡት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ እኛ የሚመጡ ልጆች ናቸው። ባለፈው ዓመት በእነዚህ ተክሎች ምክንያት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ስለ ቅጠል የተጀመረው ክርክር ስለ ልጆች አስተዳደግ ሆኖ ስላለቀ፣ ለአንባብያን ልናካፍለው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮታላ የሚባለው ተክላችን ቅላቱ እየለቀቀ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። ከልጆቹ አንዱ መፍትሔውን ከሌሎች አሳዳጊዎች ሰምቶ መጣ፤ ናይትሮጅን ያለበትን ማዳበሪያ አቆመ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተክሉ አናት እንደ በርበሬ ቀላ። ሁላችንም አደነቅን፤ ልጁም ተመሰገነ። ኋላ ገንዳውን ልታጸዳ የመጣች አንዲት እናት ግን ጎንበስ ብላ ከሥር ተመለከተች። የታችኞቹ ቅጠሎች ረግፈው ግንዱ ራቁቱን ቀርቷል፤ አዲሶቹም ቅጠሎች አንሰዋል። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ያማረው ስለ ተራበ ነው» አለችው።

እውነቷን ነው። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ስኳር ይሠራል። በስኳሩ አዲስ ቅጠል ለመገንባት ግን ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። ናይትሮጅን ሲያጥር እድገቱ ይዘገያል፤ የተረፈው ስኳር አንቶሳያኒን ወደሚባለው ቀይ ቀለም ይዞራል። ይህ ቀለም ናይትሮጅን የለበትም፤ ስለዚህ ያጣ ተክልም ሊሠራው ይችላል። ቅጠሉን ከበዛ ብርሃን እንደ ጥላ ሆኖ ይከላከልለታል። እንግዲህ እኛ ቆመን ያደነቅነው ውበት ተክሉ በችግር ጊዜ የዘረጋው ጃንጥላ ነበር።

በዚያው ገንዳ ውስጥ አልተርናንቴራ የሚባል ሌላ ቀይ ተክል አለ። ይህ ተክል በየገበያው የምናውቀው የቀይ ሥር ቤተሰብ ነው። የእርሱ ቅላት አንቶሳያኒን ሳይሆን ቤታላይን ከሚባሉ ቀለሞች የሚመጣ ሲሆን፣ እነዚህ ቀለሞች ናይትሮጅን በውስጣቸው አለ። ስለዚህ ይህንን ተክል አስርቦ ማቅላት አይሆንም፤ ምግብ የተነፈገው ለታ ቀለሙንም የሚሠራበት ያጣል። በአንድ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀዮች፣ አንዱ ሲጎድልበት የሚቀላ፣ ሌላው ሲሟላለት የሚቀላ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ግን ልዩነት የላቸውም።

ክርክሩ የጋለው ከዚህ በኋላ ነበር። ከአባቶች አንዱ የልጁን ወገን ያዙ። «እኛ በኩራዝ ነው ያጠናን፤ በባዶ እግራችን ተራራ ወጥተን ነው የተማርን። ሁሉ የተሟላለት ልጅ እንደዚያ ተክል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል» አሉ። የወይን ገበሬም ፍሬው ቀለሙና ጣዕሙ እንዲጠነክር ውሃ ይቀንስበታል ሲሉ ጨመሩ። ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉ የወይን ገበሬዎች አሉ። የአባታችንንም ንግግር በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። በመካከላችን በሱዳን በረሃ አልፈው የመጡ አሉ፤ ጥንካሬያቸውም ከዚያ መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ይሁን እንጂ በዚሁ በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ ላይ፣ በዚያ መንገድ ለሞቱት መታሰቢያ ቆሟል። የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ስለ ችግር አስተማሪነት ስንናገር የምንቆጥረው አናት ላይ የቀሉትን ነው፤ ከሥር የረገፉትን አንቆጥርም። ያለፈ ሰው ያለፈበትን ቢያከብር ይገባዋል። ያለፈበትን ግን ለሌላው እንደ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላልን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በእኛ አስተያየት ጾምና ርኃብ አንድ አይደሉም። ሆዱ ባዶ መሆኑ አንድ ቢሆንም፣ ጾመኛ ራሱ ወስኖ ነው የሚጾመው፤ የሚፈታበትንም ሰዓት ያውቃል። ርኃብተኛ ግን የወሰነለት ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር ነው። ተክል ሊጾም አይችልም፤ ሕፃን ልጅም እንደዚሁ። በእጃችን ያለ፣ ከእኛ በቀር የሚያበላው የሌለ ፍጥረት ሲጎድልበት፣ መልኩ ቢያምር እንኳ ምስጋናው የእኛ አይደለም። ተክል ሕመም አይሰማውም የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ነገር ግን አስርቦ ማሳመርን በገንዳ ላይ የለመደ እጅ ሌላ ቦታ ሲደርስ ያንኑ ልማድ ይዞ ይሄዳል ብለን እንፈራለን።

ታዲያ ሁሉን አሟልቶ ምንም አለመጠየቅ ነው ወይ መልሱ? አይደለም። ቀይ ተክል ብርቱ ብርሃን ይፈልጋል፤ በደካማ ብርሃን ይደበዝዛል። ብርሃን ደግሞ ለተክል ምግብ ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው። ነገር ግን ብርሃኑን አብርትቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ማዕድኑን ያላሟላ ሰው የሚያተርፈው አልጌና የተኮማተረ ቀንበጥ ነው። ብረትም ያስፈልገዋል፤ ማንቆርቆሪያችን ግርጌ ነጭ ቅርፊት በሚተው ኖራ በበዛበት ውሃ ውስጥ ደግሞ ብረት ቶሎ ስለሚዘቅጥ፣ ተክሉ ሊወስደው በሚችል መልክ የተዘጋጀውን መጨመር ይገባል። ከልጅ ብዙ መጠየቅ መልካም ነው። ብዙ የጠየቀ ግን ብዙ ማቅረብ አለበት፤ ፈተናውን ከባድ አድርጎ መጽሐፉን የሚደብቅ መምህር አያስተምርም።

አንድ ነገር እንጨምር። ቀይ ብርሃን የበዛበት አምፖል ገዝቶ ደብዛዛውን ተክል ቀይ አስመስሎ ማሳየት ይቻላል። መብራቱ ሲጠፋና የቀን ብርሃን በመስኮት ሲገባ ግን ቅጠሉ ያው የነበረው ነው። እኛም በበዓል ቀን ልጆቻችንን አልብሰን፣ አሰልፈን፣ ፎቶግራፍ አንስተን ባህላቸውን ጠብቀናል እንላለን። በማግሥቱ ከአያታቸው ጋር በአማርኛ ማውራት ካልቻሉ ግን ቀለሙ የአምፖሉ ነበር ማለት ነው። ቋንቋውን በየዕለቱ መመገብ ያለብን እኛ ነን፤ ሳንመግብ «ለምን ደበዘዛችሁ?» ብንላቸው ፍርድ ማጓደል ነው።

በመጨረሻ ምን አደረግን? ልጁ ራሱ ማዳበሪያውን በልክ መለሰ። የተራቆተውን ግንድ ቆርጦ ጤነኛውን አናት እንደገና ተከለው። ሮታላው አሁን እንደዚያን ጊዜ አይቀላም፤ ብርቱካናማ ነው፤ ነገር ግን እስከ ሥሩ ድረስ ቅጠል አለው። አልተርናንቴራው ቀይነቱን እንደ ያዘ ነው። እኚያ አባት ዛሬም አልተስማሙም፤ «ያን ጊዜ ይበልጥ ያምር ነበር» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ያምር ነበር። ቢሆንም በየሳምንቱ መጥተው ከሥር ያሉትን ቅጠሎች ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ እናያቸዋለን።

አንባብያን በጉዳዩ ላይ ያላችሁን ሐሳብ በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።