ውድድርና ዕውቀት

ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ የመጡ ተማሪዎች አዳማ ላይ በሒሳብ ቢወዳደሩ፣ አንዱ ሲሸለም የቀሩት ምን ይዘው ይመለሳሉ? በሩጫ የቀደመ ሰው እግሩን ለኋለኛው ሊያውሰው አይችልም፤ በሒሳብ ግን አሸናፊው ያገኘው መፍትሔ ለተሸናፊውም ይተርፋል፤ ዕውቀት ቢካፈሉት አይጎድልምና። በ1951 ዓ.ም. በሩማንያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ዛሬ ሜዳልያ ላላገኘ፣ ነገር ግን ከ6ቱ ጥያቄዎች አንዱን አሟልቶ ለፈታ ተማሪ የክብር የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ስለዚህ አዘጋጁ ጥያቄውን በምስጢር ይጠብቅ፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን የአሠራሩንም መንገድ ይመርምር፤ ውጤቱ ከተነገረ በኋላም መፍትሔውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሁሉ ይግለጥ። ይህ ካልሆነ ሽልማቱ ትዕቢትን እንጂ ዕውቀትን አያተርፍም። ተወዳዳሪውም ጓደኛው ሲበልጠው ቢቀና አይፈረድበትም፤ ቀንቶ ከመጠየቅ ቢቀር ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ተሸነፈ።