ቀንድ የሌላት ዋላ

አንድን ፍጥረት እየወደዱ መግደል ይቻላል? ብዙዎቻችን ሳናመነታ «አይቻልም» እንላለን። ይሁን እንጂ በአሜሪካ፣ በተለይም ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው መሬት በግለሰቦች እጅ በሚገኝበት በቴክሳስ፣ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በተግባር የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እነዚህ የግል አደን መሬት ባለቤቶች ናቸው። በመሬታቸው ላይ የሚኖረው ባለ ነጭ ጅራቱ ዋላ ነው። ዋላን ከመዝሙር 42 ታውቋታላችሁ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ማለዳ በጓሯችሁ ስታልፍ አይታችኋት ይሆናል።

መልሱን ከመስጠታችን በፊት አንድ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአሪዞና፣ ከግራንድ ካንየን በስተሰሜን ያለውን የካይባብን ደጋ የዱር እንስሳት መጠበቂያ አደረጉት። ዋላ ማደን ተከለከለ። የመንግሥት አዳኞች ደግሞ ተኩላውንና የተራራ አንበሳውን ለዓመታት እያሳደዱ ገደሉ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ዋላዎቹ ያለ ሥጋት እንዲኖሩ ነው። ዋላዎቹ ግን ከምግባቸው በላይ በዙ። ቁጥራቸው ስንት እንደ ደረሰ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የደረሰባቸው ግን ግልጽ ነው። አፋቸው የሚደርስበትን ቅጠልና ቀንበጥ ጨረሱ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽም በበረዶው ወራት በሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብ አለቁ። ከተኩላ የዳኑት በረሃብ ሞቱ።

እንግዲህ ተኩላውን ያስወገደ ሰው የተኩላውን ሥራ ወርሷል ማለት ነው። የዛሬው ባለመሬት «ተኩላውን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም» ቢል እውነቱን ነው። ቢሆንም መሬቱን ከነጉድለቱ ተረክቧል። ከመቶ ዓመት በፊት በመላው አሜሪካ የነበሩት ባለ ነጭ ጅራት ዋላዎች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደነበሩ ይገመታል፤ ለገበያ ሲባል ያለ ልክ ይታደኑ ነበርና። ሕግ ወጣላቸው፣ ጥበቃ ተደረገላቸው፤ ዛሬ ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ይጠጋሉ። በሚገባ የምትመገብ እንስት አብዛኛውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። በብዙ ቦታ ደግሞ ቁጥሩን የሚቀንስ ተኩላ የለም።

ጥሩ ባለመሬት ከመተኮሱ በፊት ይመለከታል። በዛፎች ላይ ካሜራ አስሮ ስንት ወንድ፣ ስንት እንስት፣ ስንት ግልገል እንዳለ ይቆጥራል። ዛፎቹንም ያያል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ያለው ቅጠል ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ካለቀ መንጋው በዝቷል ማለት ነው። የታደነውን ይመዝናል፤ የመንጋጋውን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይገምታል። ምሳሌ 27፥23 እረኛ የመንጋውን ሁኔታ ተግቶ እንዲያውቅ ይመክራል። የዱር መንጋም ከዚህ ያነሰ ትጋት አይበቃውም።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የመንጋውን ብዛት የሚወስኑት እንስቶቹ ናቸው። እንስት ዋላ ደግሞ ቀንድ የላትም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ፎቶ ተነሥተው ለወዳጅ የሚያሳዩት ነገር የላትም። ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ ግን ክብርም ገንዘብም ያመጣል። ስለዚህ አንዳንዱ መንጋው እየተራበ እንኳ እንስቶቹን እያሳለፈ ባለ ቀንዱን ብቻ ይጠብቃል። ሌላው በረጅም አጥር ዘግቶ ለቀንድ ብቻ ያራባል። ሌላው ደግሞ ዋላዎቹን ወደ ጠመንጃው ለማቅረብ በቆሎ ይበትንላቸዋል። ነገሩ ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ዋላዎች በአንድ ቦታ አፍ ለአፍ ሲገናኙ በሽታ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ መጀመሪያ የታየው፣ ዋላን አክስቶ የሚገድለው የአንጎል በሽታ እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ መግደል ለሚወድ ሰው ማመካኛ አይደለም?» የሚል ከመካከላችሁ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማመካኛ የሚያደርገውም አለ። ተኩላው ለምን አይመለስም? በየሎውስቶን ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ተመልሷል። ከብትና መንደር በሞላበት የእርሻ አገር ግን ይህ ቀላል አይደለም። እንዳይወልዱ መርፌ መስጠትስ? በተከለለ ጠባብ ቦታ ይሠራል፤ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ግን እያንዳንዷን እንስት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ምርጫው በሞትና በሕይወት መካከል ሳይሆን በጥይትና በረሃብ መካከል ይሆናል። ረሃቡ ደግሞ ዋላዎቹን ብቻ አይጎዳም፤ ችግኙን፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራዋን ወፍ፣ ገና ያልተወለደውን ግልገልም ይነካል።

አስፈላጊ መሆኑ ግን ልብን ለማደንደን ፈቃድ አይሰጥም። ዘዳግም 22፥6-7ን አንብቡ። ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ሊወስድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። ፈቃዱ ከነወሰኑ ተሰጥቷል። ወሰኑን የሚያውቅ አዳኝ እርግጠኛ ያልሆነበትን ተኩስ አይተኩስም። ያቆሰለውን ዋላ ቢመሽም ዱካውን ተከትሎ ይፈልገዋል። ሥጋውን አይጥልም፤ በብዙ ግዛቶች አዳኞች ሥጋውን ለችግረኞች ማዕድ የሚሰጡበት አሠራር አለ።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ባለመሬቱ ሣሩና ዛፉ የእርሱ ነው፤ በሣሩ ላይ የሚግጠው የዱር ዋላ ግን የእርሱ አይደለም። የሕዝብ ነው፤ በአደራ የሚጠብቀውም ግዛቱ ነው። ስንት ማደን እንደሚቻልና መቼ እንደሚቻል የሚወስነውም እርሱ ነው። ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር እንደሆነ ከመዝሙር 24 ለተማርን ለእኛ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሥልጣን አለን፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እየወደዱ መግደል ይቻላል? እኔ ይቻላል እላለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ሥራ ቀንድ ባይኖርበትም ትሠራው ነበር? «አዎ» የሚል ሰው መንጋውን እየጠበቀ ነው። «አይ» የሚል ግን ፍቅር ብሎ የጠራው ነገር ራሱን መውደድ እንዳይሆን ይመርምር።

ጠመንጃ ይዘን የማናውቅ እኛም ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም። መዘምራንን የምትመሪ እህቴ፣ የኅብረቱን ገንዘብ የምትይዝ ወንድሜ፣ ታናናሾቹን የምታሳድጉ ሁሉ፣ በእጃችሁ ያለው መንጋ የእናንተ አይደለም፤ ጉድለቱንም ያመጣችሁት እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ከሥራችሁ መካከል ማንም የማያጨበጭብለት፣ ፎቶ የማይነሣለት፣ ግን ካልተሠራ ሁሉም የሚጎዳበት አለ። በዚህ ሳምንት በኅብረታችሁ ስትሰበሰቡ ያ ሥራ የትኛው እንደሆነ ስም ስጡት፤ ከዚያም ማን እንደሚሠራው ተነጋገሩ።