ፍትሕ ከየት ይጀምራል?

ሰው በማኅበር ሲኖር አጥብቆ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ፍትሕ ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ፍትሕን የምንፈልገው ከሌላው ለመቀበል እንጂ ለሌላው ለመስጠት አይደለም። ድኻው ከባለጸጋው፥ ገበሬው ከሹሙ፥ ሠራተኛው ከአሠሪው ፍትሕን ይጠይቃል፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ይኸው ጠያቂ ማታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ከእርሱ ፍትሕን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ አይታየውም። እንግዲህ ሕዝብ ለፍትሕ ሲሰበሰብ መነሻው ከወዴት ሊሆን ይገባል? ከአደባባይ ነውን? ወይስ ከምድጃ ዳር? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

የአገራችን ታሪክ ለሁለቱም ምሳሌ አለው። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ጥያቄው እየሰፋ ሄዶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መልስ አገኘ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። የዚህን ነገር ታላቅነት የሚክድ የለም።

በእነዚሁ ዓመታት መካከል፥ በ1964 ዓ.ም.፥ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ ምድር ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፥ ከዓለም በር አቅራቢያ፥ ዙምራ ኑሩ የተባሉ አርሶ አደር አሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው አውራ አምባ የተባለውን ማኅበረሰብ መሠረቱ። ጥያቄያቸው የፈለቀው ከወላጆቻቸው ቤት ነበር። በልጅነታቸው ያዩትን ሲናገሩ፥ አባትና እናት በእርሻ ላይ እኩል ሲደክሙ ይውላሉ፤ ማታ ግን አባት ያርፋል፥ እናት ትፈጫለች፥ ትጋግራለች፥ የባሏንም እግር ታጥባለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ቢጐድል የምትሰደበው እርስዋ ናት።

በአውራ አምባ ሥራ በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፈልም። ሴቲቱ ታርሳለች፥ ትሸምናለች፤ ወንዱም ጥጥ ይፈትላል፥ እንጀራ ይጋግራል። ሽማግሌውና ሕመምተኛው በማኅበሩ ጉልበት ይጦራሉ፤ «ለወገን ደራሽ» በሚሉት ቀን የሚሠሩትም ሥራ ለችግረኛ የሚውል ነው።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ልማድን በመተዋቸውና ስለ ሃይማኖት ያላቸው አስተያየት ከአካባቢው የተለየ በመሆኑ ብዙ ጎረቤት በጥርጣሬ ተመለከታቸው። በደርግ ዘመን ጠላትነቱ ስለ በረታባቸው ቀያቸውን ለቀው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ የቆያቸው መሬት ጥቂት ስለ ነበረ ሽመናን ዋና መተዳደሪያቸው አደረጉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለእነርሱ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራቸው ነው።

አንድ ሰው ግን «ጥቂት ቤተሰብ በአንድ መንደር በትክክል ቢኖር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይረባል? ሕዝብ ሁሉ እንደ እነርሱ ይኖር ዘንድ አይቻልም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የእነርሱን ሥርዐት ሁሉ የማይቀበል ሰው አለ፥ መብቱም ነው። ዳሩ ግን ኑሮአቸውን ያልተቀበለ ጥያቄአቸውን ሊያመልጥ አይችልም።

ሕጉማ ተጽፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በክልላችንም በሚሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል። ነገር ግን ሩዙ ታጭዶ ወረታ ገበያ ላይ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባና በማን ቃል እንደሚወጣ ደብተሩ አይናገርም። በፎገራ ሜዳ ለአረምና ለአጨዳ በደቦ መሰብሰብ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው፤ ዛሬ የረዳኝን ነገ እረዳዋለሁ፥ ሒሳቡም ሳይጻፍ ይታወቃል። ለደቦው የቀረበው እንጀራና ጠላ ከማን ጉልበት እንደ ወጣ ግን የሚቈጥር የለም።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ስለ ሴቶች እኩልነት በተደረገ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። የተናገርነው ወንዶች ነበርን፤ ሴቶቹ ባልደረቦቻችን በወዲያኛው ክፍል ቡና ያፈሉ ነበር። እኔም «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብዬ ጻፍሁ፤ ቡናውንም ጠጥተን ተለያየን። ጽሑፉ ሐሰት መሆኑ የታወቀኝ ቤቴ ደርሼ እግሬን ዘርግቼ እራት በጠበቅሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አደባባዩና ምድጃው የሚቃረኑ አይደሉም፤ ቀዳሚው ግን ምድጃው ነው። አደባባይ ያልወጣ ፍትሕ በአንድ ቤት ተወስኖ ይቀራል፤ ከቤት ያልተነሣ ፍትሕ ደግሞ ጌታን በጌታ ከመለወጥ አያልፍም። ማሕተማ ጋንዲ ሕንዳውያን ያገራቸውን ጨርቅ እንዲለብሱ ሲመክሩ እርሳቸው ራሳቸው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እኛም ለፍትሕ በተሰበሰብን ቁጥር፥ ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት፥ ቡናውን የሚያፈላው ማን እንደ ሆነ ዘወር ብለን እንመልከት። ያ ሰው መጥቶ ከመካከላችን ሳይቀመጥ ስብሰባው ሞልቷል አይባልም።