ስለ ኹለተኛው የእግር ሹራብ

ሹራብ የሚለው ቃል ከዐረብ የመጣ ነው። በእነርሱ ዘንድ ትርጓሜው የእግር ልብስ ሲኾን በእኛ አገር ግን ሰፍቶ በሹራብ መርፌ የሚሠራው የደረት ልብስ ኹሉ መጠሪያ ኾነ፤ ስለዚህ ለእግር የሚኾነውን ለመለየት የእግር ሹራብ ማለት አስፈለገ። ከጣልያን የመጣው ካልሲ የሚለው ስምም በከተማ ተለምዷል። እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ስሙ አይደለም፤ ስለ ጥንዱ ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው አንዱን እግር ከፈጸመ በኋላ ኹለተኛውን መጀመር ስለ ምን እንዲህ ይከብደዋል? ከከበደውስ ሊሠራው የሚገባው ስለ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

አሠራሩን አስቀድመን እንንገር። ሠራተኛው ኹለቱ ጫፋቸው የሾለ አምስት መርፌዎች ይይዛል። በአራቱ ላይ የክሩን ቀለበቶች ያከፋፍላል፤ ለጎልማሳ እግር በቀጭን ክር 64 ቢኾኑ በያንዳንዱ መርፌ 16 ይደርሳል፤ በአምስተኛው እየሠራ ዙሪያውን ይዞራል። ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ወርዶ ተረከዙ ዘንድ ሲደርስ መዞሩን ትቶ በግማሾቹ ቀለበቶች ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ተረከዙን ካጐበጠ በኋላ ከግራና ከቀኝ አዲስ ቀለበት አንሥቶ እንደ ገና ዙሪያውን ይይዛል፤ በመጨረሻም በጣቶቹ በኩል እያጠበበ ይዘጋዋል። ጌጥ ያለው ሲኾን ደግሞ ኹለት ቀለም ክር ባንድነት ይኼዳል። ነጩ ሲሠራ ሰማያዊው በስተ ውስጥ ተሻግሮ ይጠብቃል፤ የሰማያዊው ተራ ሲደርስ ነጩ ይሸሸጋል። በውጭ የሚታየው ሐረግ ወይም ኮከብ ነው፤ በውስጥ ያለው ግን የተሻገረው ክር ነው። ይህ የውስጡ ክር ከጠበቀ ሹራቡ አይለጠጥምና ተረከዝ አያሳልፍም፤ ከላላም ጣት ይይዛል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ዳሩ ግን እዚህ ወርቁ በውጭ ሰሙ በውስጥ ነውና ምሳሌው ተገልብጧል።

የፊተኛው እግር ሲሠራ ሠራተኛውን የሚነዳው ናፍቆት ነው። ጌጡ ምን መልክ ይዞ እንደሚወጣ ገና አላየውምና ከዙር ወደ ዙር እየተሳበ ይሠራል። ጣቱን ዘግቶ ክሩን በቈረጠ ጊዜ ግን ያ ናፍቆት አብሮ ይቈረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያየውን ነገር መልሶ ማየት ነው። አንዱ ብቻ ተሠርቶ በሣጥን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በቅኔ ቤት ልማድ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መልሶ ማቅረብ ነውር ስለ ኾነ በዚያ ያደገ ሰው መድገምን ከስንፍና ይቈጥረዋል። በሹራብ ሥራ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ሰነፍ የሚባለው ያልደገመው ነው። ቅኔው አንድ ጊዜ ተሰምቶ ይፈጸማል፤ ሹራቡ ግን ኹለት እግር ያለውን ሰው ይጠብቃል። ግዴታው ከሠራተኛው ዐሳብ ሳይኾን ከለባሹ አካል የመጣ ነው።

በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም አንድ የሕፃን የእግር ሹራብ ይገኛል። በግብፅ አንቲኖፖሊስ ከምትባል ከተማ፥ ከጥንት የቆሻሻ መጣያ፥ በፈረንጆች ቍጥር በ1913 እና በ1914 ዓ.ም. በተደረገው ቍፋሮ የወጣ ነው፤ ዕድሜውም በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት መካከል ይገመታል። አሠራሩ እንደ ዛሬው አይደለም፤ በአንድ መርፌ ክሩን እያሾለኩ የሠሩት ነው። ለጫማ ጠፍር እንዲመች አውራ ጣቱ ለብቻው ተለይቷል። በ2018 ዓ.ም. ሊቃውንት በልዩ ልዩ ብርሃን መርምረው ያ ኹሉ የመስመሩ ኅብር ከሦስት ዕፀዋት ቀለም ብቻ፥ ከቀይ፥ ከሰማያዊና ከብጫ፥ የተገኘ መኾኑን ገለጡ። በሙዚየሙ ያለው የግራ እግር ነው። ለመርማሪ አንዱ ይበቃዋል፤ ስለ ቀለሙም ስለ ክሩም ይነግረዋል። ለሕፃኑ ግን አንዱ ብቻ ቢሰጠው ኖሮ የቀኝ እግሩ ብርድ በጌጡ ማማር አይሞቅም ነበር።

የኹለተኛው ክብደት መሰልቸት ብቻ አይደለም። እጅ በየዕለቱ አንድ አይደለም፤ የተቈጣ ሰው ክሩን ያጠብቃል፥ የደከመ ያላላዋል። ከወር በፊት የተሠራው ከዛሬው በጣት ስፋት አጥሮ ወይም ረዝሞ ይገኛል፤ መርፌው ያው፥ ክሩ ያው፥ ቍጥሩም ያው ሲኾን። እንኪያስ ሠራተኛው ሊመስለው የሚገባው ሌላ ሰው ሳይኾን ያለፈው ወር ራሱ ነው። መምህርን መምሰል ይቻላል፤ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጧልና። ያለፈው ራሳችን ግን በቦታው የለም፤ ከእጁ ሥራ በቀር የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ቃል የሰጠ ሰው ኹሉ በዚህ ያልፋል፤ ቃሉን የሰጠው ልቡ የሞቀው ሰው ሲኾን የሚፈጽመው የበረደው ነው።

አኹን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በፊተኛው እግር ላይ ቍጥሩ በአንድ ዙር ተሳስቶ አንዱ ኮከብ ከጓደኞቹ ዝቅ ብሎ ቢገኝስ? ሠራተኛው ይህን የሚያየው ብዙ ጊዜ ኹለተኛውን ሲሠራ ነው። በኹለተኛው አርሞ ቢሠራ ጥንዱ ይፈርሳል። ስሕተቱን ቢደግም ጥንዱ ይሰምራል፤ ነገር ግን በፊተኛው ባለማወቅ የኾነው በኹለተኛው በማወቅ ይኾናል። ፊተኛውን እስከዚያ ዙር ቢተረትር ኹለቱም ይቀናሉ፤ የስንት ሌሊት ድካም ግን ይጠፋል።

መጽሐፍ የሚገለብጡ ጸሐፊዎቻችን ይህን ጭንቅ ያውቁታል። በፊታቸው ያለው ቅጂ አንድ ፊደል ቢያጐድል እንዳለ የሚጽፍ አለ፤ የሚያርምም አለ። የአንዱ ታማኝነት ለብራናው ነው፤ የሌላው ለቃሉ። እንዳለ የሚጽፈው ትሑት ይመስላል፤ ኾኖም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ኹለት ብራናዎች ተስማምተው ባየ ጊዜ ጉድለቱን እውነት ያደርገዋል። አንድ ጊዜ የተሠራ ስሕተት ስሕተት ነው፤ ታውቆ የተደገመ ግን ሥርዐት መስሎ ይቆማል። ከልማዶቻችን ስንቱ እንዲህ እንደ ተወለደ ማን ያውቃል!

በሹራቡ ነገር ስሕተቱ እግርን የሚጎዳ ከኾነ፥ ይኸውም የውስጡ ክር የጠበቀ ወይም ቀለበት ያመለጠ እንደ ኾነ፥ መተርተር ግድ ነው። ለዐይን ብቻ ከኾነ ግን ፊተኛውን እንዳለ ትቶ ኹለተኛውን አርሞ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። ጥንዱ ጥቂት ይለያያል፤ ለባሹም ቢጠይቅ ሠራተኛው «እዚህ ላይ ስቼ ነበር፥ እዚህ ላይ አወቅኹ» ብሎ ሊያሳየው ይችላል። የተደገመው ግን አፍ ሳይኖረው ይዋሻል።

መኪና በመጣ ጊዜ ይህ ኹሉ ጭንቀት ያበቃ መስሎ ነበር። በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ሊ የሚባል፥ የካልቨርተን ቄስ እንደ ነበረ የሚነገርለት ሰው፥ በ1589 ዓ.ም. የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና አወጣ፤ በአገሩ ሳይቀናው ወደ ፈረንሳይ ኼዶ በዚያ ሞተ። መኪና አይሰለችም፥ አይቈጣም፤ ኹለተኛው ከመቶኛው ጋራ እኩል ይወጣል። ነገር ግን በ1811 ዓ.ም. በኖቲንግሃም ዙሪያ የነበሩ የሹራብ ሠራተኞች መኪኖችን ይሰብሩ ዠመር፤ መንግሥትም በ1812 ዓ.ም. መኪና የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። ብዙ ሰው እነዚህን የመኪና ጠላቶች ብቻ ያደርጋቸዋል። እነርሱ ግን በመኪና ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ። ከክሳቸውም አንዱ አሠሪዎች ሰፊ ጨርቅ አሠርተው፥ በመቀስ ቈርጠው፥ ሰፍተው እንደ ደኅና ሥራ ስለሚሸጡት ነበር። እንዲህ ያለው በገበያ ላይ ያማረ ጥንድ ይመስላል፤ ሲለበስ ግን በስፌቱ ይተረተራል፤ ስሙም የሚጠፋው የሠራተኛው ነው።

እኩል ኾነው የወጡትስ እኩል ኾነው ይኖራሉን? አይኖሩም። ሰው ብዙ ጊዜ ወዳንድ እግሩ ያዘነብላልና አንደኛው ተረከዝ አስቀድሞ ይሳሳል። ያን ጊዜ ሊጠግኑት ቢወዱ ከገበያ የሚመጣው ክር ስሙ ያው ሲኾን በሌላ ጊዜ የተነከረ ስለ ኾነ ቀለሙ አይገጥምም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጥንዱን ሲፈጽሙ ከያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ክር ጠቅልለው ለለባሹ አብረው ይሰጡታል።